ባለ ሃያው ጀሪካን

በትንሽ ከተማ የውሃ ነገር ሲነሣ ወሬው ሁሉ ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ ፓምፑና ስለ ፈረቃው ነው። ቧንቧ በሳምንት ስንቴ መጣ? ቦኖው ተከፈተ? ሞተሩ ተቃጥሎ ነው ወይስ መብራት ጠፍቶ? ጓዳ ጥግ ተደርድሮ ስለሚጠብቀው ቢጫ ጀሪካን ግን ትንፍሽ የሚል የለም። እኔ እንደማምነው አንድ ቤት ያሉ ልጆች በተቅማጥ መታመም አለመታመማቸውን ከሚወስኑ ዕቃዎች ጀሪካን ግንባር ቀደሙ ነው። የሚከበረው ግን እንደ መጥረጊያ እንኳ አይደለም።

ምንነቱን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። ፕላስቲክ ነው፣ 20 ሊትር ይይዛል፣ ሲሞላ ከ20 ኪሎ ትንሽ ያልፋል። ወደ ብዙ ቤት የገባው የምግብ ዘይት ይዞ ነው፤ ዘይቱ ሲያልቅ ውሃ ይቀዳበታል። ከእሱ በፊት የነበረው እንስራ ባዶውን እንኳ የሚከብድ ሸክላ ነበር፣ የተሸከመውም የእናቶችና የልጃገረዶች ጀርባ ነው። የእንስራ ውሃ ቅዝቃዜው እንደሚናፈቅ አውቃለሁ፤ ሸክላው ውሃውን በጥቂቱ እያላበ ስለሚያስተንን ያቀዘቅዘዋል። ናፍቆቱን የሚያወሩት ግን አብዛኞቹ ተሸክመውት የማያውቁ ወንዶች ናቸው።

ጀሪካን ሲወለድ ወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ገደማ ለጀርመን ጦር ነዳጅ መያዣ እንዲሆን ከብረት ተሠራ። እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ሲማርኩት የራሳቸው ቆርቆሮ እየተቀደደ ቤንዚናቸውን አሸዋ ላይ ይደፋባቸው ነበርና አሠራሩን ኮርጀው ሠሩት፤ ስሙም እነሱ ለጀርመኖች ካወጡት ቅጽል የመጣ ነው። ከላይ ሦስት እጀታ አለው። መካከለኛውን አንድ ሰው ይይዘዋል፣ ዳርና ዳሩን ሁለት ሰው ይጋራዋል፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን በአንድ እጅ ያነሣል። ጀርመኖቹ ነዳጅ ከሚጠጣ ውሃ እንዳይደባለቅባቸው በውሃዎቹ ላይ ትልቅ ነጭ መስቀል ቀቡ። ይህን መስቀል ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ፤ ወደ አፉ።

የጀሪካን ትልቁ ጥበብ የአዋቂ እጅ የማያስገባ አፍ ያለው መሆኑ ነው። ውሃ ከውስጡ የሚወጣው ተዘንብሎ ብቻ ነው። ባልዲና በርሜል አፋቸው ሰፊ ስለሆነ በጣሳ ይጨለፍባቸዋል፤ ጣሳው መሬት ወድቆ የተነሣ ነው፣ ጣሳውን የያዘው እጅ ደግሞ አሁን የሕፃን ጨርቅ የለወጠ ሊሆን ይችላል። አውራ ጣት ውሃው ውስጥ ሳይነከር በጣሳ የሚጨልፍ ሰው ካያችሁ ንገሩኝ። እንስራም አንገቱ ጠባብ ነበር፤ አያቶቻችን ስለ ረቂቅ ተዋሲያን ሳይሰሙ በሥራቸው ትክክል ነበሩ።

ይህን ስናገር ሁልጊዜ የሚመለስልኝ መልስ አንድ ነው፤ «ውሃው እኮ የቧንቧ ነው!»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኼ አባባል ነው። የቧንቧ መሆኑ የሚነግረን ከቧንቧው በወጣበት ደቂቃ ምን እንደነበረ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በማን እጅ፣ በምን ዕቃ፣ ስንት ቀን እንደቆየ አይነግረንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ዛሬ የተቀዳው የሚጠጣው ከነገ ወዲያ ወይም ከሳምንት በኋላ ነው። ቧንቧው ላይ ክሎሪን ቢኖረው እንኳ እየቆየ ይጠፋል፣ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ፈጥኖ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በጁን 2004 በሰሜን ዳርፉር በአቡ ሹክ የተፈናቃዮች መጠለያ ሺጌላ ገባ፤ ደም የሚያስቀምጠውን ተቅማጥ የሚያመጣው ተዋሲያን ነው። ውሃው ተመረመረ፤ ምንም አልተገኘበትም። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ ውሃው ንጹህ ነው ተብሎ ፋይሉ ይዘጋ ነበር። እዚያ የነበሩት ባለሙያዎች ግን ውሃው ከተቀዳ በኋላ ሳይበከል አልቀረም ብለው በመጠለያው ያለውን የውሃ ዕቃ ሁሉ በክሎሪን ለማጠብ ዘመቻ ወጡ። ያጠቡት ጉድጓዱን ሳይሆን ዕቃውን ነው። ከዘመቻው በኋላ በክሊኒኮቹ የተመዘገበው የተቅማጥ ሕመምተኛ ቁጥር ቀነሰ። በጦርነት መካከል በተፈናቃዮች ሰፈር የሚሰበሰብ ቁጥር እንደ ላቦራቶሪ የጠራ እንደማይሆን ይገባኛል። ቢሆንም ውሃውን ትተው ዕቃውን የጠረጠሩትን ሰዎች ሳላመሰግን አላልፍም።

እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌራ ፔሩን ሲመታ በትሩሂዮ ከተማ የታመሙትንና ያልታመሙትን ያነጻጸሩ ሐኪሞችም እዚሁ ላይ ደርሰዋል። ለበሽታው ካጋለጡት ነገሮች አንዱ እጅ ከሚነከርበት የቤት ዕቃ ውሃ መጠጣት ነበር። በማላዊ የስደተኞች ካምፕ ደግሞ ለአንዳንድ ቤተሰቦች የማይነሣ ክዳንና ማፍሰሻ ያለው ባልዲ ተሰጥቶ ከተራው ባልዲ ጋር ተነጻጸረ። እ.ኤ.አ. በ2001 እንደታተመው በእነዚያ ቤቶች ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ የታየው ተቅማጥ በ31 በመቶ ያነሰ ነበር። መድኃኒት አልተጨመረም፣ የውሃውም ምንጭ አልተለወጠም።

እንግዲህ ይህን አውቆ የጀሪካኑን አናት በቢላ ቆርጦ ባልዲ የሚያደርገውን ሰው ምን ልበለው? በየደጁ አያለሁ። ልብስ ለማጠቢያ ከሆነ ይሁን፤ ሆኖም ሲውል ሲያድር የሚጠጣውም እዚያው ይገባል። ክዳን ጥሎ አፉን በፌስታል፣ በበቆሎ ቆሮቆንዳ ወይም በተጠቀለለ ወረቀት የሚወትፈውም ያው ነው። ዝንብ ከለከለ እንበል፤ ቆሮቆንዳው ራሱ ከየት መጣ?

በአንዲት የሰሜን ሸዋ ከተማ ክዳን ለሌለው ጀሪካን ውሃ አልሞላም የሚሉ የቦኖ ጠባቂ አውቃለሁ። ሰልፈኛው ያጉረመርማል፣ ወጣቶቹ ይቀልዱባቸዋል፤ እሳቸው ግን ቁልፉን ጉያቸው ከትተው ቁጭ ነው። «እማማ፣ ገንዘብ ከከፈለ ምን ቸገረዎት?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከእኔ ሲወጣ ንጹህ ነው። አተት የገባ እንደሆነ ግን ማንም ጓዳውን አያይም፤ ‹የቦኖዋ ውሃ ነው› ነው የሚሉት» አሉኝ። ጉዳዩን ከዚህ አሳጥሮ የነገረኝ ባለሙያ አላገኘሁም።

የሃያ ሊትሩም ነገር የዋዛ አይደለም። ቤት ውስጥ ውሃ ለማከም የሚሸጡት ነገሮች ልካቸው በእሱ የተሰፋ ነው። እንደ ውሃ አጋር ያለው ፈሳሽ ክሎሪን በራሱ ክዳን ተለክቶ ለ20 ሊትር ይጨመራል፤ ድፍርስን የሚያጠራው ቢሻን ጋሪም አንዱ ከረጢት ለ20 ሊትር ነው። ስለዚህ ባለ 25 ጀሪካን ይዞ የባለ 20 መጠን የሚጨምር ሰው መድኃኒቱን እያሳሳው ነው። ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ድፍርስ ከሆነ በንጹህ ነጠላ አጥልሎ የጠርሙሱን መመሪያ መከተል ይገባል፤ ጭቃው ክሎሪኑን ይበላዋልና። ሽታው የሚያስጠላችሁ፣ ሽታው ጠባቂው ክሎሪን ገና በሥራ ላይ መሆኑን ይነግራችኋል። መቂና ባቱ አካባቢ ያላችሁ ግን ሌላ ጣጣ አለባችሁ፤ ጥርስ የሚያበልዘውን ፍሎራይድ ክሎሪን አይነካውም፤ ማፍላትም ውሃውን እያተነነ ይበልጥ ያወፍረዋል።

ጀሪካኑ ራሱ ይታጠባል፤ ውሃ ጨምሮ ማንቀጫቀጭና መድፋት ግን መታጠብ አይደለም። ውስጡን ብትዳስሱት የሚያዳልጥ ልጋግ አለ፤ ተዋሲያን የሚጠለሉት እዚያ ውስጥ ነው፣ የምትጨምሩትንም ክሎሪን አስቀድሞ የሚጨርሰው እሱ ነው። ንጹህ ጠጠር፣ ሳሙናና ጥቂት ውሃ አስገብቶ ክንድ እስኪዝል መነቅነቅ፣ ማለቅለቅ፣ ከዚያ ክሎሪን ያለበት ውሃ ሞልቶ ግማሽ ሰዓት ማቆየት ነው። አረንጓዴ ነገር ካበቀለ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ጥላ ውስጥ አስገቡት። ሮቶ ያላቸው ሰዎች ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ። ሮቷችሁ ተከፍቶ የታጠበው መቼ ነው?

ወደ ነጩ መስቀል ልመለስ። ብዙ ቤት ላምባውም ውሃውም በአንድ ዓይነት ጀሪካን ነው፤ አንዳንዴ ጎን ለጎን። በረኪናውም በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የጠማው የሦስት ዓመት ልጅ ሽታ አይመርጥም፣ የሚለየው ዕቃውን ነው፤ ከዚያ ዕቃ ውሃ ሲጠጣ ከርሟል። ላምባ የጠጣ ልጅ ሲገኝ ጎረቤት ተሰብስቦ ወተት ግቶ ለማስታወክ ይጣደፋል፤ ጉዳቱ የሚበረታው ግን እዚህ ላይ ነው። ላምባ ቀጭን ስለሆነ ሲያስታውከው ወደ ሳንባ ሾልኮ ይገባል፣ አደጋውም ከሆድ ይልቅ ሳንባ ላይ ነው። በረኪናም ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። እንዲያስታውክ ሳያደርጉ፣ የጠጣበትን ዕቃ ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። ለውሃ ያልሆነው ጀሪካን ደግሞ በቀለም ይታወቅ፣ ከጓዳ ውጪ ይቀመጥ፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ይሰቀል። የፀረ ተባይና የፀረ አረም ጀሪካን ለውሃ በፍጹም አይሆንም፤ መርዙ ወደ ፕላስቲኩ ስለሚሰርግ አሥር ጊዜ ቢያጥቡትም ኋላ ወደ ውሃው ይመለሳል። ገበያ ላይ ታጥቦ ተወልውሎ ሲሸጥ ግን መለያ ወረቀቱ ተልጦ ነው፤ ሻጩም የዘይት ነው ይላችኋል።

ስለዚህ ስትገዙ አስቀድማችሁ አሽትቱ። ቀጥሎ ገልብጡና ቂጡን እዩ፤ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ቁጥር ካለ ለምግብና ለውሃ መያዣ የሚሠራበት ጠንካራው ፕላስቲክ ነው። ይህ ቁጥር ስለ ፕላስቲኩ እንጂ ከዚህ በፊት ስለያዘው ነገር አይናገርም፤ የፀረ ተባዩም ጀሪካን ያው ቁጥር ሊኖረው ይችላል። የዘይት ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና እስኪለቅ ድረስ እጠቡት። ክዳኑ ከሌለ ደግሞ አሮጌ ጀሪካን የሚሸጡት ጋ ክዳን ብቻውን ይገኛል፤ የአንዱ ክዳን የሌላውን ጥርስ ስለማይነክስ ጀሪካኑን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።