የላፕቶፕ ኪቦርድ ከተመታው ፊደል ሌላ ሲጽፍ

የንግድ ደብዳቤና ፕሮፎርማ በሚዘጋጅባቸው መሥሪያ ቤቶች ዘወትር ከሚሰሙት አቤቱታዎች አንዱ፣ የላፕቶፑ ቁልፍ ሲመታ በላዩ የታተመው ፊደል ቀርቶ ሌላ ፊደል መውጣቱ ነው። ጸሓፊው ዋይ ሲመታ ዜድ ይወጣል፤ የኢሜይል አድራሻ ሲጽፍ በአት ምልክት ፈንታ ትእምርተ ጥቅስ ይመጣል። ብዙ ሰው መኪናው ተበላሸ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይልከዋል። ኾኖም ጕድለቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ አንዳች ወጪ በጥቂት ደቂቃ የሚታረም ነው።

በቀድሞው የጽሕፈት መኪና እያንዳንዱ ቁልፍ ከአንድ የብረት ክንድ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፣ የተመታው ፊደል ራሱ በወረቀቱ ላይ ያርፍ ነበር። የላፕቶፕ አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። ቁልፉ የሚልከው ፊደሉን ሳይሆን የተቀመጠበትን ስፍራ የሚያመለክት ቍጥር ብቻ ነው፤ ያን ቍጥር ወደ ፊደል የሚመልሰው ሌይአውት የሚባለው የውስጥ ሠንጠረዥ ነው። እንግዲህ በቁልፎቹ ላይ የታተመው የአንድ አገር፣ በሥራ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ደግሞ የሌላ አገር ሲሆን ፊደሉ ይለዋወጣል።

የትኛው አገር ሠንጠረዥ እንደ ገባ ከምልክቱ ይታወቃል። ዋይና ዜድ ከተቀያየሩ የጀርመን ነው። ኤ ከኪው፣ ዜድ ከደብልዩ ጋር ቦታ ከተለዋወጡና አኃዝ ለመጻፍ ሺፍትን መጫን ካስፈለገ የፈረንሳይ ነው። ፊደላቱ ሁሉ ትክክል ሆነው የአት ምልክትና ትእምርተ ጥቅስ ብቻ ከተቀያየሩ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሠንጠረዦች ተደባልቀዋል ማለት ነው። ፊደላት በከፊል ወደ አኃዝ ተለውጠው፣ ለምሳሌ ኬ 2፣ ኤል 3 ሆነው ሲወጡ ግን ነገሩ ከሠንጠረዥ ጋር አይገናኝም። ይህ በአንዳንድ ላፕቶፖች ናም ሎክ የተባለው ቁልፍ ሳይታወቅ ሲነካ የሚመጣ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ቁልፍ መልሶ መጫን ይበቃል።

ጕዳዩ ለነጋዴ ቀላል የማይሆነው በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲሠራ ነው። ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው፣ ቍጥሩ 745 በሆነው የባንክ አሠራር መመሪያ፣ የቃሉን ትርጕም የማይለውጥ የፊደል ግድፈት ሰነድን እንደማያስነቅፍ ተመልክቷል፤ የዕቃው የሞዴል ቍጥር ከተለወጠ ግን ሰነዱ ጕድለት እንዳለበት ይቈጠራል። በተራ ቃል ውስጥ ዋይ በዜድ ቢተካ አንባቢ ወዲያው ያየዋል። በሞዴል ስያሜ ውስጥ ግን ሁለቱም እኩል ትክክል ይመስላሉ፤ ስሕተቱ የሚገለጠውም ዕቃው ከተጫነ በኋላ በባንኩ መርማሪ እጅ ሊሆን ይችላል። የአውሮፓ አይባን ቍጥር ለማመሳከሪያ የተጨመሩ ሁለት አኃዞች ስላሉት አብዛኛው ስሕተት በመኪና ይያዛል። የሞዴል ስያሜና የኢሜይል አድራሻ እንዲህ ያለ ጠባቂ የላቸውም።

የማስተካከያው መንገድ ይህ ነው። በዊንዶውስ በሚሠራ ላፕቶፕ ላይ የዊንዶውስን ቁልፍ ይዞ ስፔስን መምታት የተጫኑትን ሠንጠረዦች ዝርዝር ያወጣል፤ ከቁልፎቹ ጽሑፍ ጋር የሚስማማውን መምረጥ ነው። አልትና ሺፍት አብረው ሲነኩም ቋንቋው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ ጸሓፊው ምንም ሳያደርግ የተለወጠ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የማያስፈልጉትን ሠንጠረዦች ሴቲንግስ ውስጥ ገብቶ ከቋንቋው ክፍል መሰረዝ ይሻላል። የማለፊያ ቃል ሲጻፍ በነጥብ ስለሚሸፈን ስሕተቱ አይታይም፤ ደጋግሞ ከመሞከር በፊት በሥራ ላይ ያለውን ቋንቋ ማየት ይገባል።

የአማርኛ ጽሑፍ የራሱ ጣጣ አለው። በቀድሞዎቹ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፊደል በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ቅራቅንቦ ሆኖ ይታያል። የዚህ ጥፋት የኪቦርዱ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለ ገባ፣ ለደንበኛ የሚላክ ጽሑፍ በዩኒኮድ ቢጻፍ ይህ ችግር አይደርስም።

ሠንጠረዡ ትክክል ሆኖ ስሕተቱ ካልቆመ፣ ሌላ ኪቦርድ በዩኤስቢ ሰክቶ መሞከር ነው። እርሱ በትክክል ከጻፈ ሕመሙ በላፕቶፑ ቁልፎች ውስጥ ነው፤ ይኸውም ቡና ወይም ሻይ ፈስሶበት፣ አለዚያም አቧራ ገብቶበት ይሆናል። ፈሳሽ የገባበትን መኪና ወዲያው አጥፍቶ ከኤሌክትሪክ ማለያየት እንጂ ይደርቃል ብሎ መጻፍ መቀጠል አደገኛ ነው።

ያገለገሉ ላፕቶፖችን ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደግሞ ከማዘዛቸው በፊት የኪቦርዱ ሌይአውት የየትኛው አገር እንደ ሆነ በፕሮፎርማው ላይ እንዲጠቀስ ሻጩን ቢጠይቁ መልካም ነው። የጀርመኑም ሆነ የፈረንሳዩ ኪቦርድ ሠንጠረዡን በመለወጥ በእንግሊዝኛ አቀማመጥ ይሠራል፤ ነገር ግን በቁልፎቹ ላይ የታተመው ስለማይለወጥ ተለጣፊ ፊደል መግዛት ያስፈልጋል፤ ይህንንም ወጪ ከዋጋው ጋር አብሮ ማሰብ ይገባል።