ፈረስ ሲደነብር፦ ፈረሰኛውና የዱር አዳኞች

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ድሉ የሰውየው የራሱ ሥራ መሆኑን ለማሳሰብ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ እንኳ ትክክለኛ የሥነ ሕይወት ትምህርት ሆኖ እናገኘዋለን። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከዲንሾ ተነሥቶ ወደ ዌብ ሸለቆ የሚጓዝ ጎብኚም ሆነ በአዊ ወይም በሰላሌ ከገበያ አምሽቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ የተቀመጠው ለሽሽት እንጂ ለውጊያ ባልተፈጠረ እንስሳ ጀርባ ላይ ነው።

ለመሆኑ በፈረስ ላይ ያለ ሰው ከጅብ፣ ከነብር ወይም ከአንበሳ ጋር ድንገት ቢገናኝ ይበልጥ የሚያሰጋው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ያለማመንታት «የአውሬው ጥርስና ጥፍር» ብለን እንመልስ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ከጥርሱ በፊት የሚመጣውን አደጋ፣ ማለትም የፈረሱን ድንጋጤ ነው።

ለሽሽት የተሠራ አካል

ፈረስ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ4 ሺህ ዓመታት በላይ ሆኖታል። ከዚያ በፊት የነበረው እጅግ ረጅም ዘመን ግን በአዳኞች ፊት በግልጥ ሜዳ ላይ ያለፈ ነበር። የቅርብ ዘመዱ የሆነው የሜዳ አህያ ዛሬም ከአንበሳ ዋና ዋና ምግቦች አንዱ ነው። የፈረስ አካልና ጠባይ የዚህን ታሪክ አሻራ እስካሁን ይዘው ይገኛሉ።

ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ በመቀመጣቸው አንገቱን ሳያዞር በዙሪያው ካለው 360 ዲግሪ ውስጥ 350 ያህሉን መመልከት ይችላል። የማይታየው ከግንባሩ ሥርና ከጭራው ኋላ ያለው ጠባብ ሥፍራ ብቻ ነው። ጆሮዎቹ አንዱ ከሌላው ተለይተው ወደየአቅጣጫው ይዞራሉ፤ ሰው መስማት ከሚችለው 20 ሺህ ኸርትዝ አልፎ እስከ 33 ሺህ ኸርትዝ የሚደርስ ድምፅም ይሰማሉ። በመሆኑም ፈረሰኛው ጸጥታ በመሰለው ቁጥቋጦ ውስጥ ፈረሱ አስቀድሞ ኮሽታ ቢሰማ ሊያስደንቀን አይገባም።

ፈረሱ አደጋ መኖሩን የጠረጠረ እንደሆነ አድሬናሊን የተባለው ቅመም በደሙ ውስጥ ይሠራጫል፤ የልቡ ምት ይፈጥናል፤ ጣፊያው ይኮማተራል። የፈረስ ጣፊያ የቀይ ደም ሴሎች ጎተራ ነው ለማለት ይቻላል። በዕረፍት ጊዜ ከደሙ መጠን 40 በመቶ ገደማ የሚሆነው የቀይ ሴሎች ድርሻ ጣፊያው ያከማቸውን በለቀቀ ጊዜ እስከ 60 በመቶና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህም ወደ ጡንቻዎቹ የሚደርሰውን ኦክስጅን በእጅጉ ይጨምረዋል። ሽሽቱ የሚጀመረው ፈረሰኛው «ምን አየህ?» ብሎ ሳይጨርስ ነው።

የመውደቅ ስሌት

አሁን ወደ ፈረሰኛው እንመለስ። በአነስተኛ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ራስ ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ከዚህ ከፍታ በነጻ የሚወድቅ ማንኛውም አካል መሬት የሚነካው በሴኮንድ 6.3 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት መሆኑን ማንኛውም የፊዚክስ ተማሪ ሊያሰላው ይችላል። ይህ እንግዲህ ፈረሱ ቆሞ ሳለ ነው። ፈረሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየጋለበ ከሆነ ወዳቂው ይህንኑ አግድም ፍጥነት ይዞ ይወርዳል። ድንጋይ፣ ገደል ወይም በፍልፈል ጉድጓድ የተበሳሳ መሬት ሲታከልበት ጉዳቱ አውሬው ሳይነካውም ለሞት የሚያበቃ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ክስተቶች

ነገሩን በሚገባ የሚያሳዩ ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን ከሰሜን አሜሪካ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1996 በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር በፈረስ ስትጓዝ ፑማ የተባለው የድመት ወገን አውሬ ከጫካ ዘልሎ ወጣ። የ6 ዓመቱ ልጇ ፈረስ በደነበረ ጊዜ ልጁ ወደቀ፤ አውሬውም የወደቀውን ልጅ ያዘ። እናቱ ከፈረሷ ወርዳ በእንጨት እየታገለች ልጇን አስጣለችው፤ እርሷ ግን በደረሰባት ጉዳት ሕይወቷ አለፈ።

ሁለተኛው ክስተት የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሞንታና ክፍለ ግዛት፣ በግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ አቅራቢያ ነው። አጋዘን እያሳደደ የመጣ ግሪዝሊ ድብ በፈረስ ከሚጓዙ ጎብኚዎች ጋር ተገናኘ። የአንድ የ8 ዓመት ልጅ ፈረስ ደንብሮ ወደ ጫካው ሲፈረጥጥ ድቡ አጋዘኑን ትቶ ፈረሱን ተከተለ። ልጁም ወደቀ። አስጎብኚዋ ወጣት ግን የተቀመጠችበትን ግዙፍ ፈረስ በድቡና በልጁ መካከል እያስገባች ደጋግማ በድቡ ላይ ነዳችው። በመጨረሻም ድቡ ተመልሶ ሄደ፤ ልጁም ተረፈ።

በሁለቱም ታሪኮች ልጆቹን ለአውሬው ያጋለጣቸው ከደነበረ ፈረስ መውደቃቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምረናል። የሚሮጥ አካል የአዳኙን የማሳደድ ጠባይ ይቀሰቅሳል፤ ፊቱን አዙሮ የቆመ ትልቅ አካል ግን ያመነታዋል። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ ላይ ሆነው ሲታዩ ትልቅ አካል ናቸውና ይህ ጥቅም የሚጠፋው ሲለያዩ ነው።

በተራሮቻችን ላይ እነማን አሉ?

ትምህርቱን ወደ አገራችን ስንመልሰው በመጀመሪያ አደገኛውን ከማያሰጋው መለየት ይኖርብናል። በባሌ ደጋ ለፈረሰኛ በብዛት የሚታየው አዳኝ ቀይ ቀበሮ ነው። ክብደቱ ከ11 እስከ 20 ኪሎ ግራም የሚደርሰው ይህ እንስሳ የሚኖረው በፍልፈልና በአይጥ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው የአካባቢው ሕዝብ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ ማለትም «የፈረስ ቀበሮ» ይለዋል። ስያሜውን ያገኘው ፈረስ ስለሚበላ አይደለም። ለመውለድ የተቃረቡ ባዝራዎችንና ላሞችን እየተከተለ የእንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኘው የዚህ እንስሳ ቁጥር ከ500 አዋቂዎች በታች መሆኑን ስናስብ፣ በስሙ ተታለን ጠላት ብናደርገው ጥፋቱ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ነብር በተራራማ ደኖቻችን፣ አንበሳም እንደ ሐረና ባሉ ደኖች ይኖራሉ። ሁለቱም አድፍጠው ተጠግተው የሚይዙ ናቸው፤ ሩጫቸው ፈጣን ቢሆንም አጭር ነው። ስለዚህ ለፈረሰኛ የሚያሰጋው ሥፍራ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦና የወንዝ ዳር ጥላ ነው።

የጅብ ነገር የተለየ ነው። ልቡ ከሰውነቱ ክብደት ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ በመሆኑ በሰዓት እስከ 60 ኪሎ ሜትር ሊሮጥና ያሳደደውን እንስሳ ለብዙ ኪሎ ሜትር ሊከተል ይችላል። ከሽምጥ ግልቢያ ይልቅ ደካማው፣ ውርንጭላውና የታሰረው እንስሳ ይስበዋል። ሰውንም ቢሆን የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ ደጅ የተኛውን ወይም ሕፃኑን ነው።

ጅቡና የዐቢይ ጾም

ጅብ መቼ ወደ ጋማ ከብት እንደሚያዘነብል የሚጠቁም አንድ አስገራሚ ጥናት በአገራችን ተካሂዷል። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ኢትዮጵያ የጅብን ዓይነ ምድር ሰብስበው በውስጡ ያለውን ጸጉር መረመሩ። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ሕዝቡ ሥጋ ስለማይበላ ከእርድ የሚተርፈው ጥራጊ ይቋረጣል። የአህያ ጸጉር የተገኘበት ዓይነ ምድር ድርሻም ከጾሙ በፊት ከነበረበት 15 በመቶ ገደማ በጾሙ ወቅት ወደ 33 በመቶ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጾሙ ካበቃ በኋላ እንደገና ቀነሰ።

ጥናቱ የተመለከተው አህያን ቢሆንም አህያ የፈረስ የሥጋ ዘመድ ነው። ከዚህ በመነሣት የጅብ አደጋ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ፣ የሰውንም ኑሮ ተከትሎ ከፍና ዝቅ እንደሚል እንረዳለን። በየካቲትና በመጋቢት ፈረሱን ሜዳ ላይ አስሮ የሚያድር ባለቤት ይህን ሊያስብበት ይገባል። ፈረሱ ለብዙ ቤተሰብ የጭነትም የመጓጓዣም አለኝታ ነውና።

ፈረሰኛው ምን ያድርግ?

ከሁሉ አስቀድሞ የፈረሱን ጆሮ ያንብብ። ሁለቱም ጆሮዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው ከቆሙ፣ አንገቱ ከተወጠረና አፍንጫው ከተነፋ ፈረሱ አንድ ነገር አግኝቷል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ በእርካብ እየጎሰሙ ወደፊት ማስገደድ ወይም ፈጥኖ መጋለብ ስሕተት ነው። ልጓሙን አርግቶ ፈረሱን ወዳስደነገጠው ነገር ፊቱን ማዞር፣ በቡድን ከሆኑ መሰብሰብና ሕፃናትን መካከል ማድረግ፣ ከፍ ባለ ድምፅ እየተናገሩም ቀስ ብሎ መራቅ ይበጃል። የራስ ቁር ማድረግ፣ እግርን በእርካቡ ውስጥ አጥልቆ አለማስገባት፣ ልጓምን በእጅ ላይ አለመጠምጠም የመውደቅንና የመጎተትን ጉዳት ይቀንሳሉ።

መንገዱ ጅብ የሚበዛበት ከሆነ ከመምሸቱ በፊት መግባት፣ ሌሊትም ፈረሶችን በአጥር ውስጥ ወይም ሰው በሚጠብቀው እሳት አጠገብ ማሳደር ያስፈልጋል። በጅብም ሆነ በሌላ አውሬ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ ያህል በውሃና በሳሙና አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ጊዜ ምልክቱ ከታየ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል።

እንግዲህ አባቶች እንዳሉት ፈረስ አይዋጋም። የሚያደርሰው ደግሞ ፈረሰኛው በላዩ ላይ ጸንቶ ሲቆይ ነው። ፈረሱን በጭብጨባ፣ በጨርቅ መወዛወዝና በድንገተኛ ኮሽታ አስቀድሞ ያለማመደ ሰው፣ አውሬውን በሚያይባት በዚያች ቅጽበት ከሁሉ የሚልቀውን መከላከያ ይዞ ይገኛል።