በትምህርት ቤቱ በር ላይ ያልተጻፈው ቋንቋ
ጆሃንስበርግ ውስጥ ለልጃቸው ባለ ሁለት ቋንቋ ትምህርት ቤት የሚመርጡ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ምን ሊጠይቁ ይገባል?

በጆሃንስበርግ መሀል ከተማ የሚገኘውና ዛሬ በይፋ ራሂማ ሙሳ የሚባለው ጎዳና በኢትዮጵያውያን ዘንድ አሁንም በድሮ ስሙ «ጄፒ» ነው። ልብስ፣ ጫማና መጋረጃ ከወለል እስከ ጣሪያ ከተደረደረባቸው ሱቆች መካከል የቡና ሽታ ይመጣል፤ አማርኛ፣ ሀዲይኛና ኦሮምኛ ከዙሉኛና ከእንግሊዝኛ ጋር ተደባልቆ ይሰማል። እዚያ የሚነግድ አንድ አባት የሁለት የግል ትምህርት ቤቶችን ማስታወቂያ በባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ። አንዱ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ፣ ሌላው እንግሊዝኛና ጀርመንኛ እንደሚያስተምር ይገልጻል።

«ወንድሜ፣ አንተ ውጭ አገር ተምረሃል» አለኝ። «ለልጄ የቱ ይሻላታል? መዋዕለ ሕፃናት ሳለች መምህሯ ‹ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አናግሯት› ብላን ነበር። እኛም እሺ አልን። ይኸው አሁን እናቴ ከሆሳዕና ስትደውል ‹ደህና ነኝ› ትላትና ስልኩን መልሳ ለእኔ ትሰጠኛለች።»

የአባትየው ጥያቄ አንድ ቢመስልም ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ስለ ቤቱ። ስለ ሁለት ቋንቋ ትምህርት የተደረጉ ጥናቶች ግን ሁለቱን ነጣጥሎ መመለስ እንደማይቻል ያስረዳሉ።

ቋንቋ ብዙ ያስከፈላት ከተማ

ጆሃንስበርግ ወርቅ በተገኘበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቆረቆረች ከተማ ናት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገና የአራት ዓመት ከተማ ሳለች የጀርመን ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬም በፓርክታውን ያስተምራል። ፈረንሳይኛን ለሚሹ ሊሴ ዡል ቬርን አለ። በ1974 በግሪክ ማኅበረሰብ የተመሠረተው ሳሄቲ ደግሞ ግሪክኛን ከእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያስተምራል። ከመሥራቾቹ አንዱ በልጅነታቸው ከጦርነት ሸሽተው ወደ ደቡብ አፍሪካ የመጡትና በኋላ የኔልሰን ማንዴላ ጠበቃ የሆኑት ጆርጅ ቢዞስ ናቸው። እነዚህ ትምህርት ቤቶች አንድ የሚጋሩት ታሪክ አላቸው፤ ከአገሩ የራቀ ማኅበረሰብ ቋንቋውን ለልጆቹ ለማቆየት ሲል ያቆማቸው ናቸው።

በዚያችው ከተማ ቋንቋ ሕይወትም አስከፍሏል። በ1974 የአፓርታይድ መንግሥት በጥቁሮች ትምህርት ቤቶች ሒሳብና ማኅበራዊ ሳይንስ በአፍሪካንስ ቋንቋ እንዲሰጡ አዘዘ። ተማሪዎቹ በማያውቁት ቋንቋ ሒሳብ አንማርም ብለው ሰኔ 16 ቀን 1976 ከሶዌቶ ትምህርት ቤቶች ሰልፍ ወጡ፤ ፖሊስም ተኮሰባቸው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ከ1991 ጀምሮ ያችን ዕለት የአፍሪካ ሕፃን ቀን አድርጎ እንድትታሰብ ያደረገው በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ አገሪቱ በ2023 የታከለውን የምልክት ቋንቋ ጨምሮ አሥራ ሁለት የሥራ ቋንቋዎች አሏት፤ ሕገ መንግሥቷም ማንኛውም ማኅበረሰብ በራሱ ወጪ ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም ይፈቅዳል።

«ሁለት ቋንቋ» ስንት ሰዓት ነው?

መሐንዲስ ሞተር ሲመርጥ በትልቁ የተጻፈውን የፋብሪካ ስም አይቶ አይወስንም፤ በጎኑ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ያነባል። ኃይሉንና ቮልቴጁን የምትናገረው እሷ ናት። «ባለ ሁለት ቋንቋ» የሚለውም ስም እንዲሁ ነው፤ ከበስተጀርባው ቢያንስ ሦስት የተለያዩ አሠራሮች አሉ።

አንደኛው በ1963 በማያሚ ኮራል ዌይ ትምህርት ቤት የታየው ዓይነት ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ እኩል ይከፈላል። ሁለተኛው በ1965 በካናዳ ኩቤክ፣ ሴንት ላምበርት በተባለ ስፍራ የተጀመረው ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት ትምህርታቸውን ሙሉ በሙሉ በፈረንሳይኛ ይጀምሩና እንግሊዝኛው ቀስ በቀስ ይጨመርላቸዋል። ሦስተኛው ሁሉንም ትምህርት በአንድ ቋንቋ እየሰጠ ሌላውን በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚያስተምር ነው። ሦስተኛው በራሱ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በእርሱ ያለፈ ልጅ ፊዚክስን በሁለተኛው ቋንቋ ይረዳል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው።

«ሁለት ቋንቋ አእምሮን ያሰላል» የሚለውን ማስታወቂያም በጥንቃቄ ማየት ይገባል። በ1962 ኤሊዛቤት ፒልና ዋላስ ላምበርት በሞንትሪያል ያደረጉት ጥናት፣ ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል ይባል የነበረውን አስተሳሰብ ገለበጠ። ከዚያ በኋላ የመጡት «ባለ ሁለት ቋንቋ ልጅ በትኩረትና በማሰብ ችሎታው ይልቃል» የሚሉ ግኝቶች ግን ዛሬ በተመራማሪዎች መካከል ብርቱ ክርክር ያለባቸው ናቸው። አከራካሪ ያልሆነው ትርፍ ሁለቱን ቋንቋዎች ማወቁ ራሱ ነው።

ሁለት ዓመትና ሰባት ዓመት

ካናዳዊው ተመራማሪ ጂም ከሚንስ በስደተኛ ልጆች ላይ ባደረጉት ጥናት ሁለት ዓይነት የቋንቋ ችሎታ ለይተዋል። የመጫወቻና የመግባቢያ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይያዛል። ሒሳብና ሳይንስ የሚጠይቁት የትምህርት ቋንቋ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ፤ ምህንድስና ልማር ውጭ አገር በሄድኩበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ሻይ ላይ የማይጎድለኝ እንግሊዝኛ የላብራቶሪ ዘገባ ስጽፍ ይጠፋኝ ነበር።

ስለዚህ በስድስተኛው ወር ከጓደኞቿ ጋር በእንግሊዝኛ የምትስቅ ልጅ «ቋንቋውን ጨርሳለች» ማለት አይደለም። ከሚንስ የደረሱበት ሌላው ነገር ደግሞ ለወላጅ ይበልጥ ይጠቅማል፤ በአንዱ ቋንቋ የተያዘ ጽንሰ ሐሳብ ወደ ሌላው ይሻገራል። እንጀራ ለአራት ተቆርሶ ሩቡ ሲደርሳት በአማርኛ የተረዳች ልጅ፣ በክፍል ውስጥ የምትማረው አዲስ ስም እንጂ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የቤቱ ቋንቋ ሲቋረጥ የሚቀረው ይህ መሻገሪያ ነው።

ከፕሪቶሪያ የወጣው የኢትዮጵያ ማስረጃ

ከጄፒ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል በምትርቀው ፕሪቶሪያ የሚገኘው የደቡብ አፍሪካ የሰብአዊ ሳይንስ ምርምር ምክር ቤት፣ በኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ፣ በአገራችን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋ ላይ ሰፊ ጥናት አድርጎ ነበር። በካትሊን ሂው የተመራው ቡድን የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችንም ያካተተ ሲሆን፣ ሪፖርቱ በ2007 ወጥቷል። የስምንተኛ ክፍል ውጤቶች ሲነጻጸሩ፣ ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት በተለይም በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት አስመዝግበዋል።

ጆሃንስበርግ ያለ ወላጅ ልጁን ስምንት ዓመት በአማርኛ ሊያስተምር አይችልም። ማስረጃው የሚነግረው ግን የቤቱን ቋንቋ ማቆም ለሳይንስ ትምህርት መሥዋዕት የሚሆን ነገር አለመሆኑን ነው።

ከመመዝገብ በፊት የሚጠየቁ

የሳምንቱ የትምህርት ሰሌዳ፦ ከማስታወቂያው ይልቅ የአንደኛ፣ የአራተኛና የሰባተኛ ክፍልን ሰሌዳ ይጠይቁ። ሒሳብና ሳይንስ በየትኛው ቋንቋ፣ እስከ ስንተኛ ክፍል ይሰጣሉ?

ሕጋዊነትና ምስክር ወረቀት፦ የግል ትምህርት ቤት በክፍለ ሀገሩ፣ በጆሃንስበርግ ማለት በጋውቴንግ የትምህርት መምሪያ መመዝገብ አለበት። አገር አቀፉን የማጠናቀቂያ ፈተና የሚሰጥ ከሆነ በኡማሉሲ እውቅና ማግኘቱን ያረጋግጡ። ትምህርት ቤቱ በውጭ አገር ፈተና የሚያስመርቅ ከሆነ፣ ውጤቱ በደቡብ አፍሪካም ሆነ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች እንዴት እንደሚመዘን አስቀድመው ይወቁ።

ሦስተኛ ቋንቋ ይዞ ለሚመጣ ልጅ ያለው ድጋፍ፦ የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ሁለት ቋንቋዎች አንዱንም ከቤታቸው ይዘው አይመጡም። ለእነሱ የተመደበ መምህር አለ? ትምህርት ቤቱ «ቤት ውስጥ ቋንቋችሁን ተዉ» ካለ፣ ስለ ራሱ ብዙ ነግሯችኋል።

የትምህርት ዘመን፦ የደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በጥር ይጀምራሉ። በኢትዮጵያ በመስከረም የጀመረ ልጅ መሀል ላይ እንዳይንሳፈፍ መግቢያውን ያስሉ።

ዓመታቱ፦ የትምህርት ቋንቋ እስከ ሰባት ዓመት የሚፈጅ ከሆነ፣ ሁለት ዓመት ከፍሎ ማቋረጥ ልጁን በሁለት ቋንቋ መካከል ያስቀረዋል። ወላጅ የዘንድሮውን ክፍያ ብቻ ሳይሆን የሰባቱን ዓመት ያስላ። የማይዘልቅ ከሆነ ክፍያው የሚቀልና መምህራኑ የበቁ፣ በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ይሻላል።

ለአባትየው ይህንኑ ነገርኩት። ፈረንሳይኛው ወይም ጀርመንኛው ለልጁ ትርፍ ነው፤ አማርኛው ግን በየትኛውም ትምህርት ቤት በር ላይ አልተጻፈም። እርሱን የሚያስተምረው ቤቱ ነው፦ በእራት ሰዓት ወሬ፣ በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የፊደል ገበታ፣ በስልክ በሚነገር ተረት።

ማስታወቂያዎቹን አጥፎ ካስቀመጠ በኋላ ጥቂት ዝም አለ። «ሁለቱንም ሰሌዳቸውን እጠይቃለሁ» አለ። «እሁድ ግን ስልኩን ከእጇ አልቀበልም። እናቴ ‹ተረት ተረት› ትበላት፤ ‹የላም በረት› ብላ እስክትመልስ እጠብቃለሁ።»