ተጨማሪ መረጃ፦ እጅ ሲያጥር እግር

የካናዳው የሮክ ባንድ ረሽ ሦስት አባላት ብቻ ነበሩት። ጌዲ ሊ ቤዝ ጊታር እየተጫወተ ይዘፍናል፤ እጆቹ ተይዘዋል። ታዲያ በስቱዲዮ የተቀዳውን የኪቦርድ ድምፅ መድረክ ላይ ማን ይጫወተው? መልሱ ከእግሩ ሥር ነበር። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሞግ ታውረስ የተባለ፣ በእግር የሚረገጥ ሲንተሳይዘር ይጠቀም ነበር። የሙዚቃ መሣሪያዎች ትእዛዝ የሚለዋወጡበት ሚዲ የተባለው ሥርዓት በ1983 ከመጣ በኋላ ግን መርገጫው ራሱ ድምፅ ማውጣት አላስፈለገውም፤ ትእዛዝ ማስተላለፉ በቃ።

ትእዛዙ ሦስት ባይት ብቻ ነው። አንደኛው «ኖታ ጀምር» ይላል፤ ሁለተኛው ከ0 እስከ 127 ካሉት ኖታዎች የትኛው እንደሆነ፣ ሦስተኛው ምን ያህል በኃይል እንደተመታ ይናገራል። በገመዱ ውስጥ ድምፅ የሚባል ነገር አያልፍም። ድምፁ ያለው የተቀዱ ድምፆችን (ሳምፕሎችን) ይዞ በትእዛዝ በሚያሰማው ሳምፕለር ውስጥ ነው። ለቁጥር 60 የሴት ዜማ ከተመደበ፣ 60 በተረገጠ ቁጥር ያው ዜማ ይሰማል። ባንዱ «ታይም ስታንድ ስቲል» በተሰኘው ዘፈኑ የዘፋኟን የኤሚ ማንን ድምፅ ወደ መድረክ ያመጣው በሳምፕል ነው።

ይህን ከፕሌይባክ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ትክክል አይመስልም። ፕሌይባክ ሲሄድ ድራመሩ ይከተለዋል፤ እዚህ ግን ሳምፕሉ የተጫዋቹን እግር ይጠብቃል። ችግሩ ሳምፕሉ ሲረዝም ነው፤ አንዴ ከተነሣ የባንዱ ፍጥነት ቢቀየርም ተራ ሳምፕለር በተቀዳበት ፍጥነት ይቀጥላል። ስለዚህ ረጅሙ ሐረግ ተቆራርጦ ለየመርገጫው ይከፋፈላል።