ተባዩን ስናጠፋ ራሳችንን እንጠብቅ

ተምች ማሳችን ሲገባ ኬሚካል ገዝተን እንረጫለን። ብዙዎቻችን ይህን ኬሚካል «መድኃኒት» እንለዋለን። ለሰብሉ መድኃኒት ይሁን እንጂ ለሰው መርዝ ነው። ማላታይን የሚባለውን እንውሰድ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወሎን ጭምር በወረረ ጊዜ በአገራችን ከተረጩት ኬሚካሎች አንዱ እርሱ ነበር። አንበጣውን የሚገድለው ነርቩን በማወክ ነው። የሰውም ነርቭ ከዚህ አያመልጥም።

መርዙ በየት ይገባል? በአፍ፣ በአፍንጫና በቆዳ ይገባል። አፋችንን እንጠብቃለን፤ ቆዳችንን ግን እንረሳለን። በምንረጭበት ጊዜ ብዙው የሚገባው በቆዳ በኩል ነው።

በአጅባርና በመካነ ሰላም ደጋ ብርዱ ስለሚጠና ጋቢ ደርበን ወደ ማሳ እንወጣለን። ጋቢ ብርድን ይከላከላል፤ መርዝን ግን ይጠጣል። ማታ ያንኑ ጋቢ ከልጆቻችን ጋር ብንለብሰው መርዙን ቤታችን አስገባነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ በዕቃው ላይ የተጻፈውን እናንብብ። ማንበብ የቻልነው ለዚህም ነው። ቀይ መስመር ያለበት እጅግ አደገኛ ነው።

ስንበጠብጥም ስንረጭም የላስቲክ ጓንት፣ ቦት ጫማ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ፣ የዓይን መነጽርና የአፍንጫ መሸፈኛ እናድርግ። ሱሪያችንን ከቦቱ ውጪ እንልቀቀው፤ ወደ ውስጥ ከከተትነው የሚንጠባጠበው መርዝ ቦቱ ውስጥ ይገባል።

ፓምፑ የሚያፈስ ከሆነ ሳንጠግን አንሸከመው። አፉ ቢደፈን በአፋችን አንንፋው፤ በውሃና በሣር እንጥረገው። ነፋሱን ከኋላችን አድርገን እንርጭ። ሳንታጠብ እህል አንቅመስ። የረጨንበትን ልብስ ለብቻው እንጠብ።

ባዶውን ጠርሙስና ጀሪካን ለውሃ፣ ለጠላ ወይም ለዘይት አናድርገው። ቢታጠብም መርዙ አይለቅም። ልጅ ደግሞ ያገኘውን ይጠጣል።

የረጨ ሰው ራሱን ካመመው፣ ላብና ምራቅ ከበዛበት፣ ካስመለሰው ወይም ዓይኑ ከፈዘዘ ተመርዞ ይሆናል። ልብሱን እናውልቅለት፤ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውሃ እንጠበው። ወተት ማርከሻ አይሆንም። የኬሚካሉን ዕቃ ይዘን በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ጓንትና ቦት ገንዘብ ያስወጣል። ነገር ግን አራሹ ከሞተ የዳነውን ሰብል ማን ያጭደዋል? ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን።