በላስቲክ የሚበር አውሮፕላን በምን ይዳኛል?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1871 አልፎንስ ፔኖ የተባለ የ21 ዓመት ፈረንሳዊ በፓሪስ ቱይለሪ የአትክልት ስፍራ፣ በተመልካቾች ፊት፣ ግማሽ ሜትር ያህል የምትረዝም መጫወቻ መሰል አውሮፕላን አስነሣ። ሞተር አልነበራትም፤ ጉልበቷ የተጠመዘዘ ላስቲክ ነበር። ለ11 ሰከንድ ያህል ራሷን ችላ በረረች። የራይት ወንድማማቾች ሰው በሞተር አውሮፕላን ሲበር ለዓለም ለማሳየት ገና 32 ዓመት ይቀራቸው ነበር።

ያ የላስቲክ ጉልበት ዛሬም የውድድር መድረክ አለው። ስሙን በ1930ዎቹ ይታተም ከነበረ የአቪዬሽን መጽሔት የወረሰው የአሜሪካው ፍላይንግ ኤሲስ ክለብ በኒው ዮርክ ግዛት በጄኔሴዮ የሣር ሜዳ ላይ ባካሄዳቸው ውድድሮች ይታወቃል። ተወዳዳሪው በእውን የነበረን፣ ሰው ያበረረውን አውሮፕላን አሳንሶ በገዛ እጁ የሠራውን ሞዴል ያቀርባል። አጽሙ ባልሳ የተባለ ቀላል እንጨት፣ ቆዳው ስስ ወረቀት ነው። ከእጅ ከተለቀቀ በኋላ ማንም አይመራውም።

ፈተናው ሁለት ነው። ሞዴሉ እውነተኛውን ምን ያህል ይመስላል? በአየር ላይስ ምን ያህል ይቆያል? የሁለቱ ነጥብ ይደመራል። ችግሩ አንዱን ለማሟላት የሚደረገው ሁሉ ሌላውን መጉዳቱ ነው።

ዳኛው አስቀድሞ ሞዴሉን ጠረጴዛ ላይ ይመረምራል። ከጎኑ ባለቤቱ ያመጣው ማስረጃ ይዘረጋል፦ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት የሚያሳይ ንድፍ፣ ፎቶግራፍ፣ የቀለም መረጃ። ዳኛው ሞዴሉን የሚያስተያየው ከቀረበለት ወረቀት ጋር እንጂ ከራሱ ትዝታ ጋር አይደለም። አውሮፕላኑን በትክክል ሠርቶ፣ ቀለሙ ያ እንደነበር የሚያስረዳ ሰነድ ያላመጣ ሰው ነጥብ ሊያጣ ይችላል። ይህ ለአንዳንዱ ግትርነት ይመስለዋል። ለእኔ ግን የደንቡ ምሰሶ እርሱ ነው፤ አለዚያ ዳኝነቱ ወደ ትውውቅ ይወርዳል።

ሜዳው ላይ ደግሞ ሌላ ዳኛ ይጠብቃል፤ ፊዚክስ። እውነተኛው አውሮፕላን ወደ ጎን ሲያዘነብል አብራሪው ያቃናዋል። ሞዴሉ አብራሪ ስለሌለው ራሱን በራሱ እንዲያቃና ክንፎቹ ወደ ላይ ይበልጥ ቀና ማለት፣ የጭራው አግድም ክንፍም መስፋት ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለው ማሻሻያ ግን ከመምሰል ነጥቡ ያስቀንሳል። የክብደቱም ነገር እንዲሁ ነው። በእውነተኛው አውሮፕላን ከባዱ ሞተር አፍንጫው ላይ ይቀመጣል፤ በሞዴሉ ግን ላስቲኩ በሆዱ ውስጥ ወደ ጭራው ይዘረጋል፤ የክብደቱ ማዕከልም ወደ ኋላ ይሸሻል። አፍንጫቸው አጭር የሆነ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖችን የሚሠሩ ሰዎች ሚዛኑን ለመመለስ አፍንጫው ውስጥ ጭቃ ይጠቀጥቃሉ፤ እያንዳንዱ ግራም ከበረራው ጊዜ ላይ ይበላል። ውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ አንድ ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ ሠርቼ ነበር፤ የአብራሪውን ወንበር፣ የክንፎቹን ማሰሪያ ክሮች፣ መስተዋቱን ሳይቀር አሟላሁለት። ከእጄ እንደ ወጣ እንደ ድንጋይ ወደቀ።

ጥሩ ላስቲክ በ1 ግራም ክብደቱ 10 ጁል ያህል ኃይል ያምቃል፤ አንድ ኪሎ ዕቃ አንድ ሜትር ለማንሣት የሚበቃ ማለት ነው። ኃይሉን ግን እኩል አያወጣም። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች በቁጣ ይፈታል፤ ከዚያ ይረጋል። ብዙ ሞዴሎች የሚሰበሩት በዚያች የቁጣ ቅጽበት ነው። ያን ያለፈ ሞዴል ሽቅብ የሚወጣ ሞቃት አየር ካገኘው ደግሞ ከዓይን ሊሰወር ይችላል። ለዚህም ነው ደንቡ የአንድ በረራ ቆጠራን 120 ሰከንድ ላይ የሚያቆመው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የባለቤቱ ሩጫ ነው፤ ዓይኑን ሰማይ ላይ ተክሎ አጥር እየዘለለ።

ከደንቡ ሁሉ የምወደው የጉርሻ ነጥቡን ነው። ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ ባለ አንድ ክንፍ አውሮፕላን በተፈጥሮው የረጋ ስለሆነ ጉርሻ አያገኝም። ክንፉ ዝቅ ያለ፣ ባለ ሁለት ደርብ፣ ወይም ከአንድ በላይ ሞተር ያለው አውሮፕላን ግን ለማብረር አስቸጋሪ በመሆኑ ተጨማሪ ነጥብ ይሰጠዋል። ይህ ባይኖር ሜዳው በአንድ ዓይነት ቀላል አውሮፕላን በተሞላ ነበር። የጉርሻው መጠን ግን ሰዎች ተነጋግረው የወሰኑት ቁጥር ነው፤ የሚከራከሩበትም አይጠፉም።

ትንሹ ምድብ ኦቾሎኒ ይባላል፤ ሞዴሉ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ከ33 ሴንቲሜትር አይበልጥም። እኔ ለዚህ ምድብ ያጨኋት ፀሐይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር መሪነት አገር ቤት ተሠርታ፣ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰይማ፣ በወረራው ጊዜ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ፣ በጃንዋሪ 2024 የተመለሰችውን። ክንፏ ከአካሏ በላይ ስለተዘረጋ ለላስቲክ በረራ ትመቻለች። ባልሳውን አዝዣለሁ፤ አሁን ለዳኛው ጠረጴዛ የሚሆኑትን የፊት፣ የጎንና የላይ ንድፎች ከፎቶግራፎቿ እየለካሁ በመሣል ላይ ነኝ።