የመስከረም ቃል፣ የኅዳር ጉልበት

ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲፈነዳ ለራሳችን ቃል እንገባለን። «ዘንድሮስ ስፖርት እጀምራለሁ፤ ይህን ቦርጭ አጠፋለሁ፤ በየቀኑ እሮጣለሁ።» አዲስ ቱታ ይገዛል፤ የጂም የሦስት ወር ክፍያ ይከፈላል። በመጀመሪያው ሳምንት እግር ይተሳሰራል፣ ጉልበት ያማል። ጥቅምት ገብቶ የጠዋቱ ብርድ ሲጠነክር ቱታው ታጥፎ ቁም ሳጥን ይገባል። ያኔ ራሳችንን «ሰነፍ» ብለን እንሰድባለን። ስድቡ ግን አይገባንም። ብዙውን ጊዜ ቃላችንን የሚያፈርሰው፣ ሰውነት ለመለወጥ የሚፈልገውን ጊዜ ሳናውቅ ያወጣነው ግብ ነው።

አዲስ ዓመት ለምን ያነሣሣናል?

መነሣሣቱ የምር ነው። ሄንግቸን ዳይ፣ ካትሪን ሚልክማንና ጄሰን ሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በሳምንት፣ በወርና በዓመት መጀመሪያ ላይ ወደ ጂም አብዝተው እንደሚሄዱ አሳይተዋል። የዘመን መለወጫ ያለፈውን ድክመት ለአምና ትተን እንድንነሣ ያግዘናል። ስለዚህ በእንቁጣጣሽ መጀመር መልካም ነው። በዓሉ ግን ማስነሣት እንጂ ማድረስ አይችልም። የሚያደርሰው ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ እንደ አዝመራ ቀኑን ጠብቆ ይበስላል።

66 ቀን

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊ እና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለዋል። እያንዳንዱ ሰው በየቀኑ የሚያደርገውን አንድ አዲስ ነገር መረጠ፤ አንዱ ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላትን፣ ሌላው ከእራት በፊት 15 ደቂቃ መሮጥን። ድርጊቱ ሳይታሰብበት የሚደረግ ልማድ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር። ለአንዳንዱ 18 ቀን በቅቷል፤ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚያስፈልገው ተገምቷል። ከሁሉም የሚያጽናናው ግኝት ደግሞ ይህ ነው፦ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ግንባታ አላፈረሰም።

ከመስከረም 1 ብንቆጥር 66ኛው ቀን ኅዳር 6 ላይ ይውላል። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ የሚታጨድበት ወቅት ነው። በጥቅምት «አልሆነልኝም» ብሎ ማቆም፣ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሳለ ማሳውን ጥሎ እንደ መሄድ ነው።

ሰውነት ውስጥ ምን ይካሄዳል?

እኛ «ምንም ለውጥ የለም» በምንልባቸው ሳምንታት ሰውነት ሥራ ላይ ነው። መጀመሪያ፣ በቀናት ውስጥ፣ ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል ይጨምራል፤ ልብም በአንድ ምት የበለጠ ደም መርጨት ይጀምራል። በሚቀጥሉት ሳምንታት በጡንቻ ውስጥ ያሉት ሚቶኮንድሪያዎች ይበዛሉ። እነዚህ ኦክስጅን ተጠቅመው ጉልበት የሚያመርቱ ጥቃቅን ክፍሎች ናቸው። ፑሽ አፕ የጀመረ ሰው መጀመሪያ ላይ የሚያገኘው ብርታት ደግሞ በአብዛኛው የነርቭ ነው፤ አንጎል ጡንቻዎችን አስተባብሮ ማዘዝን ይማራል። የጡንቻው መወፈር በዓይን የሚታየው ቆይቶ ነው።

ጅማት ከጡንቻና ከልብ ይዘገያል። ብዙ ጀማሪዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ትንፋሻችን ሲሻሻል ደስ ብሎን ርቀቱን እጥፍ እናደርጋለን፤ ገና ያልጠነከረው ጅማት ያብጣል፤ ሩጫውም ይቆማል። ትንፋሽ ቢፈቅድም እንኳ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ሚዛን ላይ የሚታየው ቁጥርም ለመጀመሪያ ግብነት አይመችም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው በግምት 120 ካሎሪ ነው፤ አንድ ሙሉ እንጀራ ከዚህ በላይ አለው። ስለዚህ ገበታው ሳይስተካከል በእግር ጉዞ ብቻ ቦርጭ በወር አይጠፋም። ልብ፣ ሳንባና እንቅልፍ ግን ኪሎው ሳይቀንስም ይጠቀማሉ።

ስንት ይበቃል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እያወሩ ሊሄዱበት የሚቻል፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን፣ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ነው። ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ ወርዶ በእግር መሄድ፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ መውጣት፣ ከወንበር ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ሁሉም ይቆጠራሉ።

«በቀን 10,000 እርምጃ» የሚለው ታዋቂ ቁጥርም ማንንም ተስፋ ሊያስቆርጥ አይገባም። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1965 በጃፓን ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነው፤ የመሣሪያው ስም ራሱ «የአሥር ሺህ እርምጃ መለኪያ» ማለት ነበር። ተመራማሪዋ አይ ሚን ሊ እና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 17,000 በሚጠጉ አረጋውያን ሴቶች ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ በቀን 4,400 እርምጃ ያህል የሚሄዱት 2,700 ያህል ከሚሄዱት ይልቅ የመሞት አደጋቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ከ7,500 በኋላ ጥቅሙ ብዙም አልጨመረም።

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን

እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ 248 ተማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ታትሟል። ስለ ስፖርት ጥቅም ካነበቡት ውስጥ በሳምንቱ የሠሩት ከ40 በመቶ ያነሱ ነበሩ፤ ስለ ጥቅሙ ምንም ካልተነገራቸው ብዙም አልተለዩም። ከንባቡ ሌላ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓትና የት እንደሚሠሩ በጽሑፍ ካሰፈሩት ግን 91 በመቶው ሠርተዋል።

ስለዚህ «ዘንድሮ ስፖርት እሠራለሁ» የሚለውን ትተን እንዲህ እንጻፍ፦ «ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከግቢ ወጥቼ 20 ደቂቃ እራመዳለሁ። ዝናብ ከጣለ ደረጃ እወጣለሁ።» ሲለመድ ደቂቃውንና ቀኑን እንጨምራለን። በጾም ወራት ፍጥነቱን ቀንሰን ሰዓቱን እንጠብቅ፤ ልማዱን የሚያቆየው ሰዓቱ ነውና። የልብ ሕመም ወይም ስኳር ያለበት፣ ሲንቀሳቀስ ደረቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ የሚያሳርግ በዓልም አለን። ኃይሌ ገብረሥላሴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስጀመሩት ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር ይካሄዳል። 10 ኪሎ ሜትሩን ብዙ ሰው የሚጨርሰው እየተራመደና እየጨፈረ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ወገን ፍጥነቱን ይቀንስ።

ቀን መቁጠሪያችሁ ላይ ኅዳር 6ን አክብቡ። እስከዚያ ድረስ «ስንት ኪሎ ቀነስኩ?» የሚለውን ጥያቄ አቆዩትና በየምሽቱ አንዱን ብቻ መልሱ፦ ዛሬ በቀጠሮዬ ወጣሁ ወይ?